የመታጠቢያ ቤት እድሳት ውል፦ ካሊፎርኒያ ውስጥ አሁን ምን ምን መያዝ አለበት?

ጥያቄ፦ አዲስ ፈቃድ (ሎስ አንጀለስ)

ሰላም ወገኖች። ለዓመታት በሰው ድርጅት ታይልና ድራይዎል ስሠራ ቆይቼ በቅርቡ የራሴን የጀነራል ቢ (የአጠቃላይ ሕንፃ ተቋራጭ) ፈቃድ አወጣሁ። የመጀመሪያው ትልቅ ሥራዬ የአንዲት እናት መታጠቢያ ቤት ነው። ዕድሜያቸው ወደ ሰባ ይጠጋል፣ የሚኖሩትም ብቻቸውን ነው። አሮጌው የብረት ገንዳ ወጥቶ እግር ሳያነሱ የሚገቡበት ሻወር ይሠራል፤ አዲስ ታይል፣ ቫኒቲ (የእጅ መታጠቢያው ቁም ሳጥን) እና የመስታወት በርም አለው። በ18,400 ዶላር በቃል ተስማምተናል።

በእጄ ያለው ውል ድሮ እሠራበት ከነበረው ድርጅት የያዝኩት ፎርም ነው። ሲፈረም 30 በመቶ ቀብድ ይላል፣ 5,520 ዶላር መሆኑ ነው። የመሰረዣ ጊዜው 3 ቀን ይላል። አንዱ ጓደኛዬ «ሕጉ ተቀይሯል፣ በዚህ አስፈርመህ ፈቃድህን እንዳታጣ» አለኝ። ሌላው ደግሞ «ያገርህ ሰው ናቸው፣ ተማምነህ ጀምር» ይለኛል።

የጨነቀኝ ሁለት ነገር ነው። ቫኒቲውና መስታወቱ በልክ የሚታዘዙ ናቸው፤ በቂ ቀብድ ካልወሰድኩ ከየት አምጥቼ ልዘዝ? ሁለተኛ፣ እኔና እሳቸው ሁሉን ነገር የተነጋገርነው በአማርኛ ነው፣ ውሉ ግን በእንግሊዝኛ ነው። ችግር አለው?

መልስ፦ የኦክላንዱ አናጢ

ወንድሜ፣ እንኳን ለፈቃዱ አበቃህ። ያን ፎርም ግን ዛሬውኑ ጣለው። ሕጉ ስለተቀየረ ብቻ አይደለም፤ የቀብዱ መስመር ድሮም ሕገ ወጥ ነበር።

ካሊፎርኒያ ውስጥ ለቤት እድሳት የምትወስደው ቀብድ ከውሉ ዋጋ 10 በመቶ ወይም 1,000 ዶላር ነው፣ ከሁለቱ ያነሰው። ያንተ 10 በመቶ 1,840 ስለሚሆን ጣሪያህ 1,000 ነው። ሥራው የ7,000 ዶላር ቢሆን ኖሮ 700 ብቻ ትወስድ ነበር። ከዚህ የሚወጡት ልዩ ቦንድ አስይዘው በፈቃድ ቦርዱ (ሲኤስኤልቢ) የተፈቀደላቸው ድርጅቶች ናቸው፤ አንተና እኔ እዚያ ውስጥ የለንበትም። ከጣሪያው በላይ መቀበል ደግሞ የገንዘብ ክርክር ብቻ አይደለም፣ ወንጀል ነው፦ ከ100 እስከ 5,000 ዶላር መቀጮ፣ ወይም እስከ አንድ ዓመት የካውንቲ እስር፣ ወይም ሁለቱም። ሴትዮዋ ወደው ቢሰጡህ እንኳ አያድንህም።

ከቀብዱ በኋላ ያለው ክፍያም ልክ አለው። ከተሠራው ሥራ ወይም ቤቱ ከደረሰው ዕቃ ዋጋ በላይ መጠየቅ አትችልም። «ሥራው ሲጋመስ» ብሎ መጻፍም አይበቃም፤ እያንዳንዱ ክፍያ በዶላርና በሳንቲም ተጽፎ ለየትኛው ሥራ ወይም ዕቃ እንደሆነ መታወቅ አለበት። እኔ ያንተን ሥራ ብይዝ ክፍያውን እንዲህ እከፋፍለዋለሁ። ሲፈረም 1,000። ማፍረሱ አልቆ የግድግዳ ውስጥ ቧንቧው ኢንስፔክሽን (የመንግሥት ምርመራ) ሲያልፍ 4,200። ታይሉና ቫኒቲው ቤታቸው ሲራገፍ 3,600። ዋተርፕሩፉ (ውሃ መከላከያው) እና ታይሉ ሲያልቅ 6,400። መስታወቱ ተገጥሞ የመጨረሻው ኢንስፔክሽን ሲያልፍ 3,200። ደምረው፣ 18,400 ይመጣል።

ስለ መስታወቱ አትጨነቅ። በልክ የሚሠራ የሻወር በር ታይሉ ካለቀ በኋላ ነው የሚለካው፤ ግድግዳው ግማሽ ሳንቲ ቢያዘነብል መስታወቱ አይገጥምም። ስለዚህ ያኔ የታይሉን ክፍያ ተቀብለሃል ማለት ነው። ቫኒቲውን ደግሞ ወይ እሳቸው ራሳቸው በስማቸው ከሱቁ ይግዙት (ከውሉ ዋጋ ላይ ቀንሰህ ጻፈው)፣ ወይ አንተ ከዕቃ አቅራቢህ ጋር የዱቤ ሒሳብ ክፈት። ሁለት ሳምንት ሥራ ሊያስኬድ የሚችል የራሱ ጥሪት የሌለው ሰው በደንበኛ ቀብድ ሌላ ሰው ቤት ይሠራል፤ የዚህች ከተማ ግማሽ ጠብ ከዚያ ነው የሚነሳው።

አሁን ወደተቀየረው ልምጣ።

የመሰረዣ መብቱ ለሁሉም 3 የሥራ ቀን ነበር። ከ2021 መጀመሪያ ወዲህ ግን ዕድሜው 65 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው 5 የሥራ ቀን ሆኗል። ያንተ ደንበኛ እዚህ ውስጥ ናቸው። አቆጣጠሩ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ እዚህ ሕግ ላይ ቅዳሜ የሥራ ቀን ነው፣ እሑድና በዓላት ግን አይቆጠሩም። ሐሙስ ከፈረሙና ቅጂውን በእጃቸው ከሰጠሃቸው ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ ብለህ ቁጠር። መብታቸው የሚያበቃው ረቡዕ እኩለ ሌሊት ላይ ነው። እስከዚያ መዶሻ አታንሳ! ቀኑ ሳያልፍ ገንዳውን አውጥተህ ቢሰርዙብህ ለሠራኸው ሥራ ምንም ክፍያ አታገኝም፤ የተቀበልከውንም በ10 ቀን ውስጥ ትመልሳለህ። ከዚህ የባሰው ደግሞ የመሰረዣ ማስታወቂያውን ጨርሶ ካልሰጠሃቸው ቀኑ መቆጠር አይጀምርም። ከወር በኋላም ሊሰርዙ ይችላሉ። ማስታወቂያው ከውሉ የሚነጠል ቅጽ ነው፣ በሁለት ቅጂ።

ከ2026 መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ ደንበኛው በኢሜይልም መሰረዝ ስለሚችል ኢሜይልህና ስልክህ እዚያ ቅጽ ላይ መኖር አለባቸው። በዚያው ዓመት ሰብ ኮንትራክተር የምታስገባ ከሆነ ውሉ ላይ መግለጽ ግዴታ ሆኗል፤ የቤቱ ባለቤት ሲጠይቁህ የሰዎቹን ስም፣ አድራሻና የፈቃድ ቁጥር ትሰጣለህ። ቧንቧውን ለሌላ የምትሰጥ ከሆነ ይህ አንተን ይመለከታል።

ቀሪውን ባጭሩ፦ የፈቃድ ቁጥርህ፣ የሥራው ዝርዝር፣ የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ግምታዊ ቀን፣ የኢንሹራንስና የሠራተኛ ጉዳት ዋስትና ማስታወቂያ፣ የሜካኒክስ ሊን (ያልተከፈለ ሠራተኛ ወይም ዕቃ አቅራቢ ቤቱ ላይ የሚያስመዘግበው የዕዳ መያዣ) ማስጠንቀቂያ። ፊደሉ ከ10 ነጥብ እንዳያንስ። ቦርዱ ድረ ገጽ ላይ የማስታወቂያዎቹ ቃል እንዳለ ተቀምጧል፤ ከዚያ ቅዳ፣ በራስህ ቃል አትጻፈው።

ስለ ቋንቋው የጠየቅከው ጥያቄ ደስ ብሎኛል፣ ምክንያቱም ማንም አይጠይቀውም። ብዙዎቻችን የምናውቀው ስፓኒሽ፣ ቻይንኛ፣ ታጋሎግ፣ ቬትናምኛና ኮሪያኛ ብቻ ትርጉም እንደሚያስፈልጋቸው ነው፤ አማርኛ የለበትም ብለን እንተወዋለን። ያ ግን ሌላ ሕግ ነው። በደንበኛው ቤት ለሚደረግ ውል የካሊፎርኒያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1689.7ም ሆነ የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን ደንብ ቋንቋ አይመርጡም። ውሉ በዋናነት ሥራውን ባስረዳህበት ቋንቋ ይጻፍ ነው የሚሉት። እሳቸው ሳሎን ቁጭ ብለህ በአማርኛ ካስረዳህ ውሉም ማስታወቂያውም በአማርኛ ይሁን፣ እንግሊዝኛውን ከጎኑ አድርግ። ለተርጓሚ ትከፍል ይሆናል፤ ግን አንዴ ካስተረጎምክ ለሚቀጥለው ደንበኛም ይሆንሃል።

«ያገርህ ሰው ናቸው» ያለህን ጓደኛህን አትስማው። እኔ ሽማግሌ ሆኜ የተቀመጥኩባቸው ጠቦች ሁሉ ያገር ሰው ካገር ሰው ጋር ነው፣ ሁሉም ያለ ወረቀት የተጀመሩ። ሁለቱም እውነት ይናገራሉ፣ ሁለቱም የሰሙት የተለያየ ነው። አንዲት እናት ዕድሜ ልኳን ያጠራቀመችውን ገንዘብ ስትሰጥህ ምን እንደምታገኝ በምታነበው ቋንቋ ማየት ይገባታል።

መልስ፦ ቤት ባለቤት (ሳን ሆዜ)

ወንድሜ፣ እኔ ከሌላው ወገን ነኝ። የሊን ማስጠንቀቂያውን አናጢው ባጭሩ ስላለፉት ልጨምር። ወጥ ቤቴን ያሠራሁት ሰው ገንዘቡን በሙሉ ከኔ ተቀብሎ የካቢኔቱን አቅራቢ ሳይከፍል ቀረ። አቅራቢው ቤቴ ላይ ሊን አስመዘገበ። እኔ ከፍዬ ጨርሻለሁ ብል ማን ይሰማል? አንዱን ካቢኔት ሁለት ጊዜ ነው የከፈልኩት። ሥራው እንደተጀመረ ከአቅራቢው «የቅድሚያ ማስታወቂያ» የሚል ደብዳቤ በፖስታ መጥቶልኝ ነበር፤ የንግድ ማስታወቂያ መስሎኝ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ያ ደብዳቤ ምን እንደሆነ አንድ ሰው በአማርኛ ቢነግረኝ ኖሮ ከእያንዳንዱ ክፍያ በፊት የሊን መልቀቂያ (አቅራቢው የሊን መብቱን እንደተወ የሚፈርምበት ወረቀት) እጠይቅ ነበር።

ስለዚህ ለሴትዮዋ እንዲህ በላቸው፦ «ከዕቃ ሻጭ ደብዳቤ ይመጣል፣ አይደንግጡ፣ ግን አይጣሉት። እኔ ስከፍለው መልቀቂያውን አመጣልዎታለሁ።» ከዚያም እውነትም አምጣላቸው።

ጠያቂው

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁንም። ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ። ወለሉን ገንዳው አጠገብ ስረግጠው ይለሰልሳል፤ ሥሩ ያለው እንጨት የበሰበሰ ይመስለኛል፣ ግን ሳይፈርስ አይታወቅም። ዋጋው ውስጥ የለም። ተከፍቶ ካየሁ በኋላ በስልክ ነግሬያቸው «እሺ ልጄ» ካሉኝ አይበቃም? ደግሞ ስለ ሥራው አብዛኛውን ጊዜ የምታወራኝ ሳክራሜንቶ ያለችው ልጃቸው ናት።

መልስ፦ የኦክላንዱ አናጢ

አይበቃም። ቼንጅ ኦርደር (የውል ለውጥ ስምምነት) በጽሑፍ ሆኖ ያ ተጨማሪ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በሁለታችሁ መፈረም አለበት። ምን እንደሚሠራ፣ ስንት እንደሚጨምር ወይም እንደሚቀንስ፣ የክፍያ ሰሌዳውንና የማለቂያ ቀኑን እንዴት እንደሚነካ ይጻፍበት። ያለ ፊርማ ሠርተህ ፍርድ ቤት ብትሄድ የልፋትህን ሊያስከፍሉልህ ይችሉ ይሆናል፣ ግን ያን መንገድ ለሁለት ጣውላ ብለህ አትግባበት።

ወለሉን ገና ከአሁኑ ስለጠረጠርክ ደግሞ ዝም ብለህ አታስፈርማቸው። የሥራው ዝርዝር ውስጥ «ከገንዳው ሥር ያለው እንጨት በዚህ ዋጋ አልተካተተም፤ በስብሶ ከተገኘ ሥራው ቆሞ በጽሑፍ እንነጋገራለን» ብለህ ጻፍ፣ አንብብላቸውም። የፈረሰ ቀን ፎቶ አንሳ፣ ከተቻለ ራሳቸው በሩ ላይ ቆመው ይዩት፣ ጠመንጃ መፍቻውን እንጨቱ ላይ ወጋ አድርገህ አሳያቸው፤ በስብሶ ከሆነ እንደ ዳቦ ይገባል።

ልጃቸውን በስልክ አስረዳት፣ ቅጂም ላክላት፣ ጥሩ ነው። የምትፈርመው ግን የቤቱ ባለቤት ናት። ልጅቷ የውክልና ሥልጣን ካላት ወረቀቱን አሳዪኝ በላትና ቅጂውን ፋይልህ ውስጥ አስቀምጥ። የአማርኛውን ረቂቅ ስትጨርስ እዚህ ለጥፈው፣ ስማቸውንና አድራሻቸውን አጥፍተህ፤ አይቼ አስተያየት እሰጥሃለሁ።