የድሮ ሲኒማ ፕሮጀክተር ሌንስ ለሰማይ ፎቶ፦ ካኖን ላይ ይገጠማል?

የአዘዞ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከ35 ሚሊ ሜትር የፊልም ፕሮጀክተር የወጣ ሌንስ አለኝ። ላዩ ላይ 100 ሚ.ሜ እና 1፡2 ይላል። የውጭ ዲያሜትሩ በካሊፐር 70.6 ሚ.ሜ፣ ክብደቱ ከአንድ ኪሎ በላይ ነው። ዲያፍራምም (የብርሃን ቀዳዳ ማጥበቢያ) የፎከስ ቀለበትም የለውም። ካሜራው መስተዋት ያለው ካኖን፣ ኤፒኤስ-ሲ የሚባል መጠን ያለው ሴንሰር። ቶርኖ ቤት አዳፕተር ከማሠራቴ በፊት ከሌንሱ እስከ ሴንሰሩ የሚያስፈልገው ርቀት እንዴት ይታወቃል? ያለ ዲያፍራምስ ኮከብ ይጠራል? የማነሳው ጎንደር ውስጥ ከጣሪያ ላይ ነው።

ካሊፐር፦
ቶርኖ ቤት ገና አትሂድ፤ መጀመሪያ ወረቀትና ማስመሪያ። ቀን ላይ ክፍሉን አጨልምና ሌንሱን በመስኮት ወደ ሩቅ ነገር አዙረው፤ የጎሃ ኮረብታ ይበቃል። ወደ ስክሪን ይዞር የነበረው ወገን ወደ ውጭ፣ የፊልሙ ወገን ወደ አንተ ይሁን። ከኋላው ነጭ ወረቀት አስጠጋ፣ አርቅ፤ ምስሉ ጥርት ሲል ከሌንሱ የኋላ ጠርዝ እስከ ወረቀቱ ለካ። ፀሐይ ላይ እንዳትሞክረው፤ 50 ሚ.ሜ ስፋት ያለው ሌንስ ወረቀት ያቃጥላል፣ ዓይን ያጠፋል።

እንዳንተ ባለው ካኖን (ኢኤፍ) ከማውንቱ፣ ማለትም ሌንስ ከሚገጠምበት ቀለበት፣ እስከ ሴንሰሩ 44 ሚ.ሜ ነው። የለካኸው ከዚያ ካነሰ ኮከብ ላይ ፎከስ አይደርስም። 70 ሚ.ሜ የወፈረ በርሜል ደግሞ ማውንቱ ውስጥ አይገባም፤ ቢገባም መስተዋቱ ይመታዋል። ከ65 ሚ.ሜ በላይ ከሆነ ለአዳፕተሩም ለፎከስ ሄሊኮይዱም (ሲዞር ሌንሱን የሚያስጠጋና የሚያርቅ ቀለበት) ቦታ ተረፈህ።

እግረ መንገድህን የኋላውን መስታወት በባትሪ አብራበት። ጠርዙ ላይ የቀስተ ደመና ቀለም ካየህ የተጣበቁት ሁለቱ መስታወቶች መላቀቅ ጀምረዋል ማለት ነው። የፕሮጀክተር አምፖል ሙቀት የሚያመጣው ጣጣ ነው፤ መሃሉ እስካልደረሰ ግን ይሠራል።

ሌሊት ጠባቂ፦
ስለ ዲያፍራሙ አትጨነቅ። ጥቁር ካርቶን ክብ አድርገህ ብሳና ፊቱ ላይ አድርግ። 100ን ለምትፈልገው የኤፍ ቁጥር (ሲያንስ ብርሃን ይበዛል፤ ሌንስህ ላይ ያለው 1፡2 ኤፍ 2 ማለት ነው) አካፍል፦ ለኤፍ 2.8 ቀዳዳው 36 ሚ.ሜ፣ ለኤፍ 4 ደግሞ 25 ሚ.ሜ። ጠርዙ ከተቦጫጨቀ በደማቅ ኮከቦች ዙሪያ ጨረር ይወጣል፤ በአዲስ ምላጭ ቁረጠው።

እንዲህ ያሉት ሌንሶች ብዙዎቹ የፔትስቫል (የድሮ የሌንስ አሠራር) ዝርያ ናቸው፤ መሃላቸው ስል፣ ዳራቸው ጥምዝ። የተሠሩትም 25 ሚ.ሜ ገደማ ሰያፍ ላለው የፊልም ፍሬም ነው፤ ያንተ ሴንሰር 27 ነው፤ ስለዚህ የፎቶውን ማዕዘኖች ቆርጠህ ትጥላለህ። በኤፍ 2 ደማቅ ኮከቦች ሐምራዊ ክብ ይለብሳሉ። በኤፍ 4 ይቀንሳል፣ ብርሃኑ ግን ሩብ ይቀራል። እኔ ብሆን 2.8 ላይ እቆም ነበር።

እውነት እንነጋገር ከተባለ ያገለገለ 50 ሚ.ሜ ኤፍ 1.8 የካሜራ ሌንስ ያለ ብዙ ድካም ንጹሕ ፎቶ ይሰጥሃል። ይሄኛው የሚያዋጣው ሌንሱ በእጅህ ስላለ ብቻ ነው።

የአዘዞ ልጅ፦
ለካሁት፤ 41 ሚ.ሜ። ሦስቴ ደጋግሜ ያው ነው። የኋላውን በርሜል ትንሽ ባስቆርጠውስ?

ካሊፐር፦
አይሆንም። ብታስቆርጠው እንኳ የኋላው መስታወት እዚያው ነው የሚቀረው፤ ብናኙ ደግሞ መስታወቱን ይጭረዋል። ካኖኑን እርሳውና መስተዋት የሌለው ካሜራ ፈልግ ወይም ተዋስ። ሶኒ ኢ ማውንት 18 ሚ.ሜ ብቻ ነው የሚወስደው። ስስ የኤም 42 (42 ሚ.ሜ ጥርስ ያለው) አዳፕተር 1፣ ተዘግቶ 17 ተከፍቶ 31 የሚሆን ሄሊኮይድ 17፤ ድምሩ 36። ከ41 ላይ 5 ይተርፍሃል፦ 3ቱ ቶርኖ ቤት ለሚሠራልህ የሌንስ መያዣ ቀለበት ወለል፣ 2ቱ ለፎከስ ማላወሻ። ቀለበቱ ከዚህ ከወፈረ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው፤ ለባለ ቶርኖው ቁጥሩን በወረቀት ጽፈህ ስጠው።

ቀለበቱ አሉሚኒየም፣ የውስጥ ዲያሜትሩ 70.8 ይሁን፤ ዙሪያውን በሦስት ኤም 4 ብሎን ያዘው። ውስጡን የማያብረቀርቅ ጥቁር ቀባ። ደግሞ ሌንሱን በካሜራው ማውንት እንዳታንጠለጥል! ሌንሱ በክላምፕ ጣውላ ላይ ይታሰር፣ ካሜራው ከኋላው ይንጠልጠል። በኤፍ 2 የፎከስ ስሕተት የሚፈቀድልህ ከሚሊ ሜትር መቶኛ አይበልጥም፤ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ በየግማሽ ሰዓቱ ደግመህ አስተካክል።

የዲጂታል ፕሮጀክተር ባለቤት፦
የዲኤልፒ (በጥቃቅን መስተዋቶች የሚሠራ ዲጂታል) ፕሮጀክተር ሌንስስ በዚሁ መንገድ ይሆናል?

ሌሊት ጠባቂ፦
አይመከርም። ብዙዎቹ ከኋላቸው ወፍራም የመስታወት ፕሪዝም ታስቦ የተሰሉ ናቸው፤ ፕሪዝሙ ሲነሳ ኮከቡ ጭጋግ ይለብሳል።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። በቋሚ ትሪፖድ በ100 ሚ.ሜ ከ2 ሰከንድ በላይ ካነሳህ ኮከቦቹ ይሰመራሉ። ከ200 እስከ 300 ፎቶ አንስተህ ሲሪል በተባለው ነጻ የኮምፒውተር ፕሮግራም ደርባቸው። ኮከብ መከተያ ጣውላ (በማጠፊያ የተያያዙ ሁለት ጣውላዎች፤ ብሎኑ ቀስ ብሎ እየከፈታቸው ካሜራውን ከሰማዩ ጋር ያዞራል) ከሠራህ ከማጠፊያው እስከ ኤም 6 ብሎኑ (ጥርሱ 1 ሚ.ሜ) 228.6 ሚ.ሜ ይሁን፤ ብሎኑ በደቂቃ አንድ ዙር ይዙር። በእጅ ለዚህ ሌንስ አይሆንም፣ ሞተር ያስፈልገዋል። ማጠፊያው ወደ ሰሜን ኮከብ ይነጣጠራል፤ ጎንደር ላይ ግን ይህ ኮከብ ከአድማስ 12 ዲግሪ ተኩል ያህል ብቻ ስለሚወጣ ከጣሪያህ ጎረቤት ቤት ሊጋርደው ይችላል፤ ቦታውን አስቀድመህ እይ። የተገዛ ኮከብ ተከታይ የካሜራ መቆሚያ ከሆነም እዚህ ዝቅታ ድረስ መውረዱን አረጋግጥ፤ አንዳንዱ 15 ላይ ይቆማል።

በጥር ከምሽቱ 4 ሰዓት ግድም የኦሪዮን ኔቡላ (የሰማይ ጋዝ ደመና) ከአናት ትንሽ ወደ ደቡብ ያዘነብላል፤ በዚያ ጀምር። በሚያዝያ ደመና ከፈቀደ የካሪና ኔቡላ ከምሽቱ 3 ሰዓት አካባቢ ደቡብ ላይ 17 ዲግሪ ይደርሳል፤ ለዚያ ግን የከተማው መብራት ከኋላህ የሚሆንበት ቦታ ያስፈልጋል። ክረምት ሲገባ ሌንሱን ከሲሊካ ጄል (እርጥበት መጣጭ) ጋር በሚታሸግ ዕቃ አስቀምጠው፤ ሻጋታ መስታወቱን ከበላው አይመለስም።