የጋራ ሐሳብ ረቂቅ፦ የኮንሰርት አዘጋጆች ለአካባቢው ባንዶች የሚገቡት ግዴታ (የዕቅድ ውይይት)

ሰብሳቢ

እንደምን ሰነበታችሁ። ለኮንሰርት አዘጋጆች የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ ወደ ረቂቅ መግባት አለበት። ባለፈው ስብሰባ ብዙ ነገር ቢነሣም ሁሉም የሚጠቀለለው አንድ ነጥብ ላይ ነው። አዘጋጁ የአካባቢውን ሙዚቃ ይደግፋል ማለት የምንችለው ድጋፉ ውል ውስጥ ሲገባ፣ የሰዓት ሰሌዳ ላይ ሲሰፍርና በሒሳብ መዝጊያው ላይ ሲታይ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ክፍል የራሱን አንቀጽ እዚሁ ያምጣ። «ይበረታታል» ወይም «እንደ ሁኔታው» የሚል ያለበትን እመልሳለሁ። ማን፣ መቼ፣ ስንት የሚለው ይመለስ።

የሙዚቀኞች ክፍል ተወካይ

የኛ አንቀጽ ሦስት ነገር ይጠይቃል። መክፈቻ ባንዱ፣ ማለትም ከዋናው ድምፃዊ በፊት የሚጫወተው የአካባቢው ባንድ፣ ቁርጥ ክፍያ ይኑረው፤ ግማሹ ውል ሲፈረም በቀብድ፣ ቀሪው በዚያው ምሽት መሣሪያ ተጭኖ ከመወጣቱ በፊት ይከፈል። የባንዱ ስም በመጀመሪያው ማስታወቂያ ላይ ይውጣ። ሦስተኛውና ለኛ ከሁሉም የሚከብደው፣ ቲኬት ሽጦ መጫወት ይቅር።

የመጨረሻውን ላብራራ። አዘጋጁ ለባንዱ 40 ቲኬት ቆጥሮ ይሰጥና «ሸጣችሁ አምጡ፣ ያልተሸጠውን እናንተ ትሸፍናላችሁ» ይላል። ይህ የኪሳራውን ሥጋት መሸከም በማይችለው ጫንቃ ላይ ማዛወር ነው። ጉዳቱ ለአዘጋጁም ይተርፋል። መድረኩን የሚያገኘው የተሻለው ባንድ መሆኑ ይቀርና ብዙ ወዳጅ ዘመድ ያለው ይሆናል። ያ ታዳሚ ደግሞ ወዳጁን አይቶ ይወጣል፤ ዋናው ድምፃዊ ሲወጣ አዳራሹ ሳስቶ ይጠብቀዋል። ባንዱም በሚቀጥለው ዝግጅት እነዚያኑ 40 ሰዎች መለመን ስለሚያፍር ከመድረክ ይርቃል።

ባንዱ ስንት ሰው እንዳመጣ ማወቅ ተገቢ ነው፣ አንቃወምም። ለባንዱ የራሱ የመሸጫ ሊንክ ወይም ኮድ ይሰጠውና ይቆጠር። ቁጥሩ ግን ለሚቀጥለው ቀጠሮ መረጃ ይሁን እንጂ ከክፍያው ጋር አይያያዝ።

የአዘጋጆች ተወካይ

ቲኬት ሽጦ መጫወት ይቅር በሚለው እስማማለሁ። ክፍያው ላይ ግን ችግሩ ያለበትን ቦታ በትክክል እናስቀምጥ፤ አለዚያ አዘጋጆች ይፈርሙና አይፈጽሙትም።

ዋናውን ድምፃዊ ስንጠይቅ ለወኪሉ የምንልከው የዋጋ ሐሳብ ውስጥ የወጪ ዝርዝር አለ። የአዳራሽ ኪራይ፣ ድምፅና መብራት፣ ማስታወቂያ፣ ጥበቃ፣ የበር ሠራተኞች እያለ ይዘረዘራል። ወኪሉ ያንን ዝርዝር አይቶ ያጸድቃል። ከወጪ በላይ የሚገባው ገቢ የሚከፋፈለው በጸደቀው ዝርዝር ብቻ ነው። ዝርዝሩ ውስጥ ያልነበረ ወጪ በኋላ ቢመጣ ከአዘጋጁ ድርሻ ይቆረጣል። መክፈቻ ባንድ የሚታሰበው ብዙ ጊዜ ኮንሰርቱ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ስለሆነ፣ አዘጋጁ «የምከፍለው የለኝም» የሚለው ከዚህ የተነሣ ነው። አንቀጹ «አዘጋጁ ለመክፈቻ ባንድ ይክፈል» ብቻ ከሚል፣ «የመክፈቻ ባንድ ክፍያ ለዋናው ድምፃዊ ወኪል በሚላከው የመጀመሪያ የወጪ ዝርዝር ውስጥ ራሱን የቻለ መስመር ይኑረው» ቢል ይሻላል። የባንዱ ስም ያኔ ባይታወቅም መስመሩ ይያዝ።

ሒሳብ ክፍል

የአዘጋጆች ተወካይ ያሉት ትክክል ነው፤ በቁጥር ላሳይ። ገንዘቡ እንደየቦታው ስለሚለያይ ወጪውን በቲኬት እንቁጠረው። ለምሳሌ 300 ሰው የሚይዝ አዳራሽ እንውሰድ። ኪራዩ 45 ቲኬት፣ ድምፅና መብራት 40፣ ማስታወቂያ 20፣ ሠራተኛና ጥበቃ 25፣ ለዋናው ድምፃዊ ቁርጥ ክፍያ 60። ድምሩ 190 ነው። 190 ቲኬት ሲሸጥ፣ ማለትም አዳራሹ 63 በመቶ ሲሞላ፣ ወጪ ተሸፈነ። ለመክፈቻ ባንድ 12 ቲኬት ቢጨመር 202 ይሆናል፤ ወደ 67 በመቶ መሆኑ ነው።

260 ቲኬት ተሸጠ እንበል። ትርፉ 58 ነው። ለዋናው ድምፃዊ 80፣ ለአዘጋጁ 20 በመቶ ቢከፋፈል አዘጋጁ 11.6 ያገኛል። አሁን መክፈቻ ባንዱ ከክፍፍሉ በፊት ከትርፉ 10 በመቶ ይውሰድ ብንል፣ ድርሻው 5.8 ቲኬት ነው፤ የአዘጋጁ ወደ 10.4 ይወርዳል። አዘጋጁ በአንድ ምሽት የሚያጣው የአንድ ቲኬት ዋጋ ያህል ብቻ ነው፤ የቀረው የሚቀነሰው ከዋናው ድምፃዊ ድርሻ ነው። ስለዚህ የትርፍ ድርሻው ጉዳይ የሚያነጋግረን ከወኪሉ ጋር ነው። ወኪሉ እምቢ ካለ ድርሻው ይቅር፤ ቁርጥ ክፍያው ግን አይነካ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው መክፈቻ ባንዱ የሒሳብ መዝጊያውን የማየት መብት ሲኖረው ነው። የተሸጠው፣ በነፃ የገባውና በር ላይ የተመለሰው ቁጥር ያለበት አንድ ገጽ ይበቃል። የነፃ ቲኬት መስመር ባዶ ሆኖ ከታየ ጥያቄ አንሡ። በነፃ የገባ ሰው የማይኖርበት ኮንሰርት የለም፤ ያልተጻፈው ደግሞ የተሸጠውን ቁጥር ያዛባል።

የድምፅ ባለሙያዎች ተወካይ

ክፍያው ተስተካክሎ ድምፁ ከተበላሸ ባንዱ አልተደገፈም። ታዳሚው «ባንዱ ደካማ ነው» ብሎ ነው የሚወጣው። ሳውንድ ቼክ (የድምፅ ፍተሻ) እንዳላገኙ ማን ይነግረዋል? እኔ ይህን አንቀጽ በዝርዝር ማስገባት እፈልጋለሁ።

የድምፅ ፍተሻ የሚደረገው ከሚጫወቱበት ቅደም ተከተል በተቃራኒ ነው። ዋናው ድምፃዊ ይቀድማል፣ መክፈቻው መጨረሻ ይመጣል። በዚህ መንገድ የመክፈቻው ማይክና ኬብል እንደተተከለ በሩ ይከፈታል። ችግሩ ዋናው ባንድ ዘግይቶ ሲመጣ ወይም ፍተሻውን ወደ ልምምድ ሲቀይረው የሚቆረጠው የመጨረሻው ሰዓት መሆኑ ነው። አንቀጹ ስለዚህ ከበሩ ወደ ኋላ ይቁጠር። በሩ ከመከፈቱ 90 ደቂቃ በፊት የዋናው ባንድ ፍተሻ ያበቃል። ቀጥሎ 20 ደቂቃ ለመክፈቻው ማዘጋጃ፣ 40 ደቂቃ ለፍተሻው፣ የመጨረሻው 30 ደቂቃ ለጽዳትና ለደኅንነት። የመድረክ ኃላፊው ሰዓቱን የማስቆም ሥልጣን በጽሑፍ ይሰጠው። ሥልጣኑ በጽሑፍ ከሌለ ከታዋቂ ባንድ ጋር ማን ይሟገታል?

ለ40 ደቂቃው ዝግጅት ያስፈልጋል። ባንዱ የመድረክ አቀማመጥ ሥዕልና የቻናል ዝርዝር (ወደ ድምፅ መቀላቀያው፣ ወደ ሚክሰሩ፣ የሚገቡት መስመሮች) 10 ቀን ቀደም ብሎ ይላክ። ለመክፈቻ 12 ቻናል ይበቃል፦ ለድራሙ ኪክ 1፣ ስኔር 1፣ ከላይ የሚሰቀል ማይክ 2፣ ቤዝ በዲአይ ቦክስ (መሣሪያውን ያለ ማይክ ከሚክሰሩ ጋር የሚያገናኝ ሣጥን) 1፣ ጊታር 1፣ ኪቦርድ በዲአይ 2፣ የድምፃውያን ማይክ 3፣ መጠባበቂያ 1። እነዚህ 12ቱ ከዋናው ባንድ ተለይተው በራሳቸው ስቴጅ ቦክስ (የመድረክ ኬብሎች የሚሰኩበት ሣጥን) ላይ ይሰኩ። በጋራ መስመር ከተሠራ ከአንዱ ባንድ ወደ ሌላው በሚደረገው ለውጥ ሰዓት አንድ ኬብል ይሳሳትና ቤዙ በድምፃዊው ቻናል ይወጣል፤ በጨለማ ውስጥ ያንን መፈለግ ከመክፈቻው የ30 ደቂቃ የመጫወቻ ጊዜ ላይ አምስቱን ይበላል። ሚክሰሩ ዲጂታል ከሆነ ለእያንዳንዱ ባንድ ለየብቻ ሲን (ተመዝግቦ የሚቀመጥ የሚክሰሩ አቀማመጥ) ይቀመጥ። አናሎግ ከሆነ ፍተሻው እንዳለቀ የቁልፎቹ አቀማመጥ በስልክ ፎቶ ይነሣ።

ሞኒተር፣ ማለትም ሙዚቀኛው መድረክ ላይ ራሱን የሚሰማበት ድምፅ ማጉያ፣ አይረሳ። መክፈቻው ቢያንስ 3 የተለያየ የሞኒተር ሚክስ ያግኝ፣ አንዱ ለድራመሩ። ለዋናው ባንድ የተቃኘ ሞኒተር ላይ የሌላ ሰው ማይክ ሲከፈት ነው ፊድባክ የሚጮኸው፤ ባለሙያው ደንግጦ ድምፁን ያወርደዋል፣ ድምፃዊው ራሱን መስማት ያቅተውና ከቃናው ይወጣል።

ድራም የጋራ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ለውጡን ከ30 ወደ 15 ደቂቃ ያወርዳል። ስኔር፣ ሲምባልና ፔዳል ግን ባንዱ የራሱን ያምጣ፤ ቶሎ የሚሰበሩት እነሱ ናቸው። ይህን ቀድሞ ያልተነገረው ድራመር ባዶ እጁን መጥቶ ከዋናው ድራመር ሲለምን ይገኛል።

ስለ ድምፅ መጠን ባጭሩ፦ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መለኪያ የ15 ደቂቃ አማካዩ ከ100 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራል። ለመክፈቻውም ለዋናውም አንድ ዓይነት ጣሪያ ይሁን። መክፈቻውን አውቆ ዝቅ አድርጎ ማጫወት አሁንም ያለ ልማድ ነው፣ መቅረት አለበት።

የአዳራሽ ባለቤቶች ተወካይ

ከኛ በኩል ሁለት ነገር እንፈቅዳለን። ከመክፈቻ ባንድ የቲሸርትና የአልበም ሽያጭ የአዳራሹን ኮሚሽን አንወስድም፤ ጠረጴዛም እንሰጣለን። በሳምንቱ መካከል ባዶ በሚያድር ምሽት የአካባቢው ባንድ ራሱ ዋና ሆኖ ከቀረበ ከኪራይ ፈንታ ከበር ገቢ ድርሻ እንቀበላለን።

ለዚህ ግን አዘጋጁም የድርሻውን ይጣል። ማስታወቂያው ከ6 ሳምንት በፊት ይውጣ። ሽያጭ የሚበረታው ማስታወቂያው እንደወጣና በመጨረሻው ሳምንት ነው፤ በመካከል ይቀዘቅዛል። አዘጋጁ በዚያ ቅዝቃዜ ደንግጦ ዋጋ ከቀነሰ ቀድመው የገዙት ይቀየማሉ፣ በሚቀጥለውም ጊዜ ቅናሽ ይጠብቃሉ። ገንዘቡን ለመጨረሻዎቹ 10 ቀናት ማስታወቂያ ቢያስቀምጥ ይሻላል።

የሙዚቀኞች ክፍል ተወካይ

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛው የክልከላ አንቀጽ ነው። ለዋናው ድምፃዊ «ከኮንሰርቱ በፊት 60 ቀን በአቅራቢያ አትጫወት» ማለት የአዘጋጁን ቲኬት ይጠብቃል፤ እንረዳለን። ያንኑ ቅጽ ስም ቀይሮ ለመክፈቻው መስጠት ግን ባንዱን ለሁለት ወር ሥራ ማስፈታት ነው። የአካባቢ ባንድ የሚኖረው ደጋግሞ በመጫወት ነው። ለመክፈቻ ክልከላው ከ7 ቀን አይለፍ።

ሁለተኛው የዘፈን ዝርዝር ነው። ለቅጂ መብት ማኅበር የሚላከው ዝርዝር ብዙ ጊዜ የዋናው ድምፃዊ ብቻ ነው። የመክፈቻው ዘፈኖች ካልተመዘገቡ ደራሲው ከዚያ ምሽት የሚገባውን አያገኝም፤ ድርሻው ለሌሎች ይከፋፈላል። ቅጹ ከሒሳብ መዝጊያው ጋር በአንድ ላይ ተሞልቶ ይፈረም።

ሒሳብ ክፍል

የቀረው የድጋፍ ፈንዱ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ከኮንሰርት ቲኬት ገቢ 3.5 በመቶ በሕግ ይሰበሰባል፤ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ የሚያስተዳድረው ብሔራዊ የሙዚቃ ማዕከሉ ነው። ከተሰበሰበው ከፊሉ በከፋዩ አዘጋጅ ስም ይቀመጥና ለአዲስ ዝግጅት ሊያወጣው ይችላል። ብሪታንያ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 የፓርላማው የባህል ኮሚቴ ከትላልቅ አዳራሽና ስታዲየም ቲኬቶች በፈቃደኝነት መዋጮ ተሰብስቦ ለትንንሽ መድረኮች እንዲውል ሐሳብ አቅርቧል። እኛ ሕግ የማውጣት ሥልጣን የለንም፤ ከፈረንሳይ የምንወስደው ለከፋዩ የሚመለሰውን ክፍል ነው።

የኔ ሐሳብ ከ1,500 ሰው በላይ ከሚይዝ ኮንሰርት በእያንዳንዱ ቲኬት 1 በመቶ ይዋጣ የሚል ነው። ስሌቱ ከጠቅላላ ሽያጭ ይሁን፤ ከትርፍ ከተባለ ወጪው ያብጥና የሚቀር ነገር አይኖርም።

የአዘጋጆች ተወካይ

እህታችን፣ ከጠቅላላ ሽያጭ መሆኑን እቀበላለሁ። ግን ገንዘቡ ስጦታ ሆኖ አይበተን፤ የኪሳራ ዋስትና ይሁን። የአካባቢውን ባንድ ዋና አድርጎ ያቀረበ አዘጋጅ ከከሰረ ፈንዱ የኪሳራውን ግማሽ ይሸፍንለት፤ ካልከሰረ ምንም አይወስድ። ስጦታ ከሆነ ገንዘቡ በየዝግጅቱ ያልቃል፤ ዋስትና ከሆነ ያው ገንዘብ የሚወጣው በከሰሩት ላይ ብቻ ስለሆነ ብዙ ምሽት ይደግፋል። አዘጋጁም ግማሹን ራሱ ስለሚሸከም ማስታወቂያውን አይተወውም። ገደብም ይኑረው፦ ለአንድ አዘጋጅ በሦስት ወር ከሁለት ምሽት አይበልጥ። የሒሳብ መዝጊያና የዘፈን ዝርዝር ያላቀረበ አይስተናገድ።

ሰብሳቢ

የኪሳራ ዋስትናው ይገባል። የተዋጣው ሩብ በከፋዩ ስም ተይዞ ለዚሁ ዓይነት ዝግጅት ይለቀቅ፤ የቀረው ለዋስትናው ይዋል።

የወጪ ዝርዝሩን መስመር አዘጋጆችና ሒሳብ ክፍል አብረው ይጻፉት። የሰዓት ሰሌዳውንና የ12 ቻናሉን ዝርዝር የድምፅ ባለሙያዎች በአንድ ገጽ አባሪ አድርገው ያምጡ፤ ውል ላይ የሚለጠፍ እንዲሆን ሥዕሉም ይኑርበት። ክልከላው 7 ቀን ሆኖ ይቀመጣል። ያልተቋጨው የመክፈቻው ቁርጥ ክፍያ ዝቅተኛ ወለል ነው፤ ሒሳብ ክፍል በ150፣ በ300 እና በ800 ሰው አዳራሽ አስልቶ ይለጥፍልን፤ ድምፅ የምንሰጠው ሦስቱን አይተን ነው።

የድምፅ ባለሙያዎች ተወካይ

አባሪውን እናመጣለን። አንድ ጥያቄ ለአዳራሽ ባለቤቶች፦ ሁለተኛ ስቴጅ ቦክስ የሌላቸው አዳራሾች የትኞቹ እንደሆኑ ዝርዝር ላኩልን። በነዚያ ላይ የማዘጋጃው 20 ደቂቃ ወደ 30 ከፍ ማለት አለበት፤ የዋናው ባንድ ፍተሻም 10 ደቂቃ ቀድሞ ያበቃል ማለት ነው።