ኮምቦልቻ ብዬ ተነስቼ ደሴ ላይ ወጣሁ፣ ንፋሱን መቼ ነው ወደ ማግኔቲክ የምቀይረው?

ውርጭ_ደብረብርሃን
ሰላም ቤተሰብ። ደብረ ብርሃን ነኝ፣ ለፒፒኤል (የግል ፓይለት ፈቃድ) የግራውንድ ትምህርቱን እያነበብኩ ማታ ማታ ሲሙሌተር ላይ እሞክራለሁ። ትናንት በካራቫን (ትንሿ የሴስና አውሮፕላን) ከቦሌ ኮምቦልቻ ፕላን ሰራሁ፣ መስመሩ መርሐ ቤቴንና መንዝን መሀል ለመሀል ስለሚያልፍ አገሬንም ከላይ አያለሁ ብዬ። ካርታው ላይ ስለካው ኮርሱ (የመስመሩ አቅጣጫ) 023፣ ርቀቱ 137 ኖቲካል ማይል፣ ከፍታ 15,000 ጫማ፣ እዛ ላይ ንፋሱ 090 በ25 ኖት፣ ትሩ ኤርስፒድ (በአየሩ ውስጥ ያለኝ ፍጥነት) 150 ኖት፣ ቫሪየሽን (የኮምፓሱ ማግኔቲክ ሰሜን ከትሩ፣ ማለትም ከካርታው ሰሜን የሚለይበት) 3 ዲግሪ ምስራቅ። መቼም የምይዘው ኮምፓስ ማግኔቲክ ነው ብዬ ኮርሱን 020 ንፋሱን 087 አደረግኩና ፍላይት ኮምፒውተሩ (የንፋስ ማስሊያው ዲስክ) ላይ አዞርኩት፣ ለንፋሱ 9 ዲግሪ ወደ ቀኝ መጣልኝ፣ 029። ከዛ ናቭ ሎጉ (የጉዞ ስሌት ቅጹ) ላይ ቫሪየሽን የሚል ኮለምን አለ አይደል፣ ባዶ ከሚቀር ብዬ እሱንም ሞላሁ፣ ሌላ 3 ቀንሼ 026 ይዤ ሄድኩ። አንድ ሰዓት ሲሞላ ራንዌይ ስፈልግ ከፊቴ ጦሳ ተራራ! ቁልቁል ሳይ ደሴ ናት።

አስተማሪዬን ስጠይቀው «የቦሌ ሜታር (የኤርፖርቱ የአየር ሁኔታ ዘገባ) 080 በ12 ሲል ታወሩም 080 በ12 ነው የሚልህ፣ ልዩነት የለውም ተወው» ብሎ አለፈኝ። ታዲያ ንፋስ ትሩ ነው ማግኔቲክ? ግራ ገባኝ።

የጣርማበር_ንፋስ
ደሴ ከደረስክ አይቀር ፒያሳ ሻይ ጠጥተህ በሚኒባስ ኮምቦልቻ ውረድ 😂 እኛ ጣርማበር ላይ ንፋሱ ከየት እንደሚመጣ ማንም አይጠይቅም፣ ከቆላው ወጥቶ ጋቢህን ነው የሚወስደው። ግን ምር እኔም ይሄ ነገር ስላልገባኝ መልሱን እጠብቃለሁ።

ጡረተኛው_ዲስፓቸር
ልጄ ስሌትህ አልተበላሸም፣ ቫሪየሽኑን ሁለቴ ነው የቀነስከው። ኮርሱንም ንፋሱንም ወደ ማግኔቲክ ከቀየርክ በኋላ የወጣው 029 ራሱ ማግኔቲክ ሄዲንግ (አፍንጫውን የምታዞርበት አቅጣጫ) ነበር፣ እዛ ላይ እጅህን ማንሳት ነበረብህ። ናቭ ሎጉ ላይ ያለው ኮለምን የተሰራው ሁሉንም በትሩ ይዞ ለሚመጣ ሰው ነው። 3 ዲግሪ ምን ያደርጋል እንዳትል፣ በ60 ማይል 1 ዲግሪ 1 ማይል ያስታል፣ ያንተ 137 ማይል በ3 ዲግሪ ወደ 7 ማይል ይመጣል፣ በኪሎ ሜትር 13። ወደ ግራ 13 ኪሎ ሜትር ስትስት ደሴ ካልወጣህ የት ትወጣለህ?

አሁን ዋናው። ሜታር፣ ታፍ (የኤርፖርት ትንበያ)፣ የከፍታ ንፋስ ትንበያ፣ እነዚህ ሁሉ በትሩ ሰሜን ናቸው። ታወር በሬዲዮ የሚነግርህና አቲስ (በሬዲዮ የሚደጋገመው የኤርፖርት መረጃ) ላይ የምትሰማው ግን ማግኔቲክ ነው፣ ምክንያቱም የራንዌይ ቁጥር ማግኔቲክ ስለሆነ ለማረፍ ከሱ ጋር ነው የምታስተያየው። ስለዚህ ካርታው ላይ በፕሮትራክተር የለካኸው ኮርስ ትሩ፣ ትንበያውም ትሩ፣ ሁለቱን እንዳሉ አግባባቸውና መጨረሻ ላይ አንዴ ብቻ ቀንስ። ለምን ቀንስ? እኛ ጋ ማግኔቲክ ሰሜን ከትሩ ሰሜን በስተቀኝ ትንሽ ገባ ብሎ ነው ያለው፣ ከሱ ስትቆጥር ቁጥሩ ያንሳል። ቫሪየሽኑ ምዕራብ የሆነበት አገር ትደምራለህ።

የአስተማሪህ ነገር፣ ሜታር ንፋሱን ወደ ቅርቡ 10 ዲግሪ አጠጋግቶ ነው የሚጽፈው፣ ታወሩም እንደዛው፣ ታዲያ የኛ 3 ዲግሪ እዛ ውስጥ ጠፍታ ብትቀር ምን ይገርማል። ደግሞ ሜታሩ የ10 ደቂቃ አማካይ ነው ታወሩ የ2 ደቂቃ፣ ስለዚህ አንዳንዴ ቢለያዩም በቫሪየሽን ላይሆን ይችላል።

በነገራችን ላይ የማግኔት ወገብ አዲስ አበባ አጠገብ ነው የሚያልፈው። ኮምፓሱ ወደ ታች ስለማይዘነብል ፈረንጆቹ መጽሐፍ ላይ ገጽ በገጽ የሚያስጨንቁህ የመዞሪያ ስህተት እኛ ጋ እዚህ ግባ አይባልም።

ከመንዝ_ሲያትል
ጋሼ ያሉት ልክ ነው ግን እኔ አሜሪካ ስማር የተነገረኝ «ያነበብከው ትሩ የሰማኸው ማግኔቲክ» የሚል ነበር፣ በሱ ብቻ ከሄድክ ትሸወዳለህ፣ አሁን አቲስ በዳታሊንክ በጽሑፍ ይመጣልሃል ንፋሱ ግን ያው ማግኔቲክ ነው። «ልዩነት የለውም» የሚለው ልማድ ደግሞ እዚህ ይዘኸው ብትመጣ ያስለቅስሃል፣ ሲያትል አካባቢ ቫሪየሽን 15 ምስራቅ ነው። ሜታሩ 210 በ20 ቢልህና ራንዌይህን 160 በለው፣ ሳትቀይር ብታሰላው ክሮስዊንዱ (የጎን ንፋሱ) 15 ኖት ይሆናል፣ የሴስና 172 ማንዋል ላይ ያለችው የጎን ንፋስ ቁጥር ማለት ነው፣ አይ ዛሬስ አላርፍም ብለህ ትመለሳለህ። ቀይረህ በ195 ስታየው ግን 11 ተኩል ብቻ። በተቃራኒው ደግሞ ትንሽ መስሎህ ገብተህ ትልቅ የሚሆንበት ቀን አለ፣ እሱ ነው የሚያስፈራው።

ደግሞ በካራቫን 15,000 ጫማ ላይ አንድ ሰዓት? ሲሙሌተር ስለሆነ ኦክስጅኑን አንጠይቅህም 😄

ውርጭ_ደብረብርሃን
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ የመንዙ ወንድሜም። አሁን እንደገና ሰራሁት፦ 023 እና 090 እንዳሉ፣ ሲደመር 9፣ ትሩ ሄዲንግ 032፣ ሲቀነስ 3፣ 029። ግራውንድ ስፒድ (ከመሬት አንፃር ያለኝ ፍጥነት) 138፣ ወደ 59 ደቂቃ። የሚገርመው ኮርሱን 020 አድርጌ ንፋሱን ሳልቀይር 090 ብዬም ሞከርኩት፣ ያው 029 ነው የሚወጣው!

ጡረተኛው_ዲስፓቸር
እሱ ነው አደገኛው። ቫሪየሽኑ ትንሽ ስለሆነ ትሩንና ማግኔቲኩን ብትደባልቀውም እዚህ አያጋልጥህም፣ ሲያትል ሄደህ እንደዛ ብትሰራ ልጁ የሚልህን ታያለህ። ናቭ ሎግህ ላይ ከየቁጥሩ አጠገብ በእርሳስ «ት» ወይ «ማ» እያልክ ጻፍ፣ እኔ እስከ ጡረታዬ እንደዛ ነው የሰራሁት። እውነተኛ አውሮፕላን ላይ ስትወጣ ደግሞ ኮምፓሱ ስር የተለጠፈችውን የዲቪየሽን ካርድ (የኮምፓሱን የራሱን ስህተት የምትነግርህን) አትርሳ።

ውርጭ_ደብረብርሃን
እሺ ጋሼ። መብራት ካልሄደብን ዛሬ ማታ በ029 እደግመዋለሁ።

የጣርማበር_ንፋስ
ደሴን ሰላም በልልን 😂