ጥቆማ፦ ለሃርድ ዲስካችሁ የትኛው ኤስኤስዲ ይስማማዋል?

ኮምፒውተራችሁ ለመነሳት ደቂቃዎች የሚፈጅበት ከሆነ፣ አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ኤስኤስዲ (መረጃን በሚሽከረከር ሳህን ሳይሆን በቺፕ ላይ የሚያስቀምጥ ፈጣን ማከማቻ) ጨምሩለት። ሃርድ ዲስኩንም አትጣሉት። ዊንዶውሱና ፕሮግራሞቹ ኤስኤስዲው ላይ ይሁኑ፤ ፎቶው፣ ቪዲዮውና የቆየው ፋይል ሃርድ ዲስኩ ላይ ይቀመጥ። ለአብዛኛው ሰው ከዚህ የተሻለ አደረጃጀት የለም ባይ ነኝ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህን አለ። ማንበቢያው ፋይሉ ያለበት ቦታ እስኪደርስ 10 ሚሊሰከንድ ገደማ ይወስድበታል። አንድ ረጅም ፊልም ስታዩ ይህ አይታወቃችሁም። ዊንዶውስ ሲነሳ ግን ብዙ ትንንሽ ፋይሎችን ከዚህም ከዚያም ይለቃቅማል። የሚያንቀረፍፈው ይሄ ነው። ኤስኤስዲ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለ ይህ ሁሉ መጠበቅ ይቀራል።

ኤስኤስዲ ስትመርጡ መጀመሪያ የሚገጥማችሁ ጥያቄ ሳታ ወይስ ኤንቪኤምኢ የሚለው ነው። ሁለቱም ኤስኤስዲው ከኮምፒውተሩ ጋር የሚገናኝባቸው መንገዶች ናቸው። ሳታው በሰከንድ እስከ 550 ሜጋባይት ገደማ ያነብባል። ኤንቪኤምኢው እንደ ትውልዱ 3,500፣ 7,000 ወይም ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል። ቁጥሩ ያማልላል፤ ግን ለጽሑፍ፣ ለኢንተርኔትና ለቢሮ ሥራ ልዩነቱ እምብዛም አይሰማም። ትልቁ ለውጥ የሚመጣው ከሃርድ ዲስክ ወደ የትኛውም ኤስኤስዲ ስትሻገሩ ነው። ስለዚህ ቆየት ላለ ኮምፒውተር ሳታው ይበቃል። ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ለኤንቪኤምኢ የሚሆን ቦታ ካለው መካከለኛ ኤንቪኤምኢ ውሰዱ። ቪዲዮ የምታቀናብሩ ካልሆነ በቀር ለፈጣኑ ተጨማሪ አትክፈሉ።

አንድ ነገር ግን አጣሩ። ኤም.2 የሚባለው ቀጭኑ ማስገቢያ አንዳንዱ ሳታ ብቻ፣ አንዳንዱ ኤንቪኤምኢ ብቻ ይቀበላል። በአንዳንድ ማዘርቦርድ ላይ ደግሞ እሱ ሲያዝ አንዱ የሳታ መስመር ይዘጋል፤ በዚያ መስመር የተሰካ ሃርድ ዲስክ ካለ ኮምፒውተሩ አያየውም። የማዘርቦርዱ መመሪያ ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

ከሳታዎቹ የምመርጠው ሳምሰንግ 870 ኢቮን ነው። ክሩሻል ኤምኤክስ500ም አሪፍ ነው። ሁለቱም የራሳቸው ድራም (ሥራውን የሚያቀላጥፍ ትንሽ ፈጣን ማስታወሻ) አላቸው። የ1 ቴራባይቱ ኢቮ 600 ቴራባይት እስኪጻፍበት ዋስትና አለው፤ ኤምኤክስ500 ደግሞ 360። ኪንግስተን ኤ400ና ክሩሻል ቢኤክስ500 ድራም የላቸውም፤ ብዙ ፋይል በአንዴ ሲጻፍባቸው ይደክማሉ። ለቀላል ሥራ ግን አይከፉም።

የሳምሰንግን 870 ኪውቪኦ ከኢቮው ጋር እንዳታምታቱት! የ1 ቴራባይቱ ኪውቪኦ 42 ጊጋባይት ያህል በፍጥነት ከጻፈ በኋላ በሰከንድ ወደ 80 ሜጋባይት ይወርዳል። ያ ከብዙ ሃርድ ዲስክ ያነሰ ነው። መጠንን በተመለከተ 250 ጊጋባይት ቶሎ ይሞላል፤ ከ500 ጀምሩ።

አዲስ ሃርድ ዲስክ የምትገዙ ከሆነ የአጻጻፍ ዘዴውን ጠይቁ። ኤስኤምአር የሚባለው የመረጃ መስመሮቹን እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ አንዱን በሌላው ላይ ደርቦ ያስቀምጣል። አንዱን ለመቀየር ጎረቤቱንም እንደገና መጻፍ ስላለበት ብዙ ሲጻፍበት ይጓተታል። የ2 ቴራባይቱ ሲጌት ባራኩዳ እንዲህ ነው። አስቀምጦ ለማየት ችግር የለውም። ሁልጊዜ ለምትጽፉበት ግን ሲኤምአር የሆኑት (መስመሮቹን ሳይደርቡ የሚጽፉት) ደብሊውዲ ሬድ ፕላስ ወይም ሲጌት አይረንዎልፍ ይሻላሉ። ያላችሁን አሮጌ ዲስክ ከማመናችሁ በፊት ክሪስታልዲስክኢንፎ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ጤንነቱን እዩ።

ላፕቶፕ ላይ ሁለተኛ ቦታ ከሌለ፣ የዲቪዲ ማጫወቻው ወጥቶ በምትኩ የዲስክ መያዣ ይገባል። ውፍረቱ 9.5 ወይም 12.7 ሚሊሜትር ስለሆነ ለክታችሁ ግዙ። ኤስኤስዲው በዋናው ቦታ ይግባ፣ ሃርድ ዲስኩ በመያዣው።

ሁለቱን አንድ አድርጎ ማዋሃድን አልመክርም። አፕል በ2012 ፊውዥን ድራይቭ ብሎ 128 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ከሃርድ ዲስክ ጋር አጣምሮ ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ግን አንዱ ሲበላሽ የሁለቱም መረጃ አብሮ ይሄዳል። ለየብቻ ይሁኑ።

ዊንዶውስ ስትጭኑ የሃርድ ዲስኩን ገመድ ንቀሉት። ካልሆነ ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ክፍል ሃርድ ዲስኩ ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ ያኔ ዲስኩ የወጣ ቀን ኮምፒውተሩ አይነሳም። ጭናችሁ ስትጨርሱ ገመዱን መልሱ። የፎቶና የቪዲዮ ፎልደሮቹን በቀኝ ክሊክ ከፍታችሁ ቦታቸውን ወደ ሃርድ ዲስኩ ቀይሩ።

ሁለት ዲስክ አለኝ ብላችሁ ግን አትዘናጉ። ሃርድ ዲስክ ሊሞት ሲል ብዙ ጊዜ የመንኳኳት ድምፅ ያሰማል፣ ይዘገያል። ኤስኤስዲ ግን ምንም ሳያሳይ ቀጥ ሊል ይችላል። የሥራ ሰነዶቻችሁን ቅጂ ሃርድ ዲስኩ ላይ አስቀምጡ፤ ሌላ ቅጂ ደግሞ ከኮምፒውተሩ ውጭ ይኑራችሁ።