በጉ ሲያነጥስ ትል ወደቀ፤ ወደ ልጄ ይተላለፍ ይሆን?

የአዘዞዋ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ለፋሲካ ብዬ ጾሙ ሳይጋመስ ከቅዳሜ ገበያ አንድ ሙክት ገዛሁ። ሻጩ ከወገራ ያመጣሁት ነው አለኝ። ላቱ የከበደ፣ ቀይ ዳማ በግ ነው። ያኔም ንፍጥ ቢጤ ይወርደው ነበር፤ የመንገድ ብርድ ነው ብዬ ተውኩት።

ጓሮ አስሬ አተላ እየሰጠሁ ሳለ ያስነጥሰው ጀመር። አንዴ ሁለቴ አይደለም፤ ራሱን እያራገፈ፣ አፍንጫውን ከግንቡ እያሸ፣ ይኸው ሁለት ሳምንት አለፈው። ትናንት ጠዋት ባልዲውን ላቀርብለት ጎንበስ ስል በኃይል አነጠሰና እግሬ ሥር አንድ ነገር ጠብ አለ። በእንጨት ገልበጥ ሳደርገው ይንቀሳቀሳል። ወፍራም ትል ነው፤ ንፍጥና ደም ለብሷል፣ ነጣ ብሎ ወደ ቢጫ ያደላል፣ ጀርባው ላይ በመደዳ ጥቋቁር መስመር አለው። ሰውነቴን ወረረኝ። ጉድጓድ ምሼ ቀበርኩት።

አማቴ «አልቅት ነው፣ ትምባሆ በጥብጠሽ በአፍንጫው አፍሺበት» አሉኝ። አደረግሁት። በጉ ትንፋሽ አጥሮት ተንደፋደፈ፣ እስከ ማታ ሲያስል ዋለ። ምነው እጄን በቆረጠው!

ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ ግን ልጄ ነው። አምስት ዓመቱ ነው፤ የበጉን አንገት አቅፎ ሲያወራው ይውላል። ከሳምንት ወዲህ ከቀኝ አፍንጫው ብቻ ወፍራም ንፍጥ ይወርደዋል፣ ሲጠጉትም ይሸታል። ሌሊቱን በስልክ መብራት አፍንጫውን ሳይ አደርኩ። ትሉ ወደ ሰው ይተላለፋል? በጉስ ይድናል? ሥጋውስ ይበላል?

የዳባት ገበሬ፦
ልጄ፣ አልቅትስ አይደለም። አልቅት ከብቱ ከምንጭና ከኩሬ ሲጠጣ የሚገባ፣ ጥቁር፣ ልስልስ፣ ሲይዙት የሚለጠጥ፣ ደም የሚመጥ ነው። ትምባሆም የእሱ መድኃኒት ነበር፤ አማትሽ አልተሳሳቱም፣ ነገሩ ነው የተቀያየረባቸው። ይህ የዝንብ ትል ነው። እኛ የበግ ራስ ስንፈልጥ ከቀንዱ ሥር ካለው የአጥንት ዋሻ ውስጥ እናገኘዋለን። ፀሐይ ሲበረታ በጎች ተሰብስበው አንዱ አፍንጫውን ከሌላው ሆድ ሥር ሲቀብር፣ መሬቱን በእግሩ ሲደበድብ ካየሽ ያ ዝንብ መጥቷል ማለት ነው። እረኛ ሳለሁ አንዱ እየበረረ ዓይኔን መታኝ። አሸዋ የገባበት ይመስል ሁለት ቀን ሲቆረቁረኝና ሲያስለቅሰኝ ነበር።

የከብት ሐኪም፦
አባባ የነገሩሽ ልክ ነው እህቴ። ዝንቡ ኦስትረስ ኦቪስ ይባላል፤ ግራጫ ነው፣ ከቤት ዝንብ ጥቂት ይበልጣል። ዝንብ ከሆነ በኋላ የሚበላበት አፍ የለውም። እንቁላልም አይጥልም፤ ሆዷ ውስጥ የተፈለፈሉትን 1 ሚሊ ሜትር የማይሞሉ ወይም እምብዛም የማይበልጡ ትሎች እናቲቱ እየበረረች በበጉ አፍንጫ ላይ ትረጫለች። አንዷ እስከ 500 ትወልዳለች። ትሎቹ በአፋቸው መንጠቆ እየቧጠጡ ወደ ግንባር አጥንት ይወጣሉ፤ 2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ሲደርሱ ተመልሰው ይወርዱና በማስነጠስ ይወጣሉ። ከዚያ አፈር ውስጥ ገብተው ዝንብ ይሆናሉ።

ስለዚህ ያየሽው ትል ዕድገቱን ጨርሶ የወጣ ነው፤ የሚፈልገው አፈር እንጂ ሌላ አፍንጫ አይደለም። ልጅሽ በጉን በማቀፉ አይዘውም። ሰውን የሚያገኘው ዝንቡ ራሱ መጥቶ ሲረጭበት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ዓይን ላይ፣ አንዳንዴ አፍንጫና ጉሮሮ ላይ። በሰው ውስጥ አያድግም ማለት ይቻላል፤ እንደ አባባ ዓይኑን የመታው ሰው ግን ሳያሽ ሐኪም ጋ ይሂድ፣ በማደንዘዣ ጠብታ በወረንጦ ይለቀምለታል። መቅበርሽ ግን ለትሉ ነው የጠቀመው። ቆፍረሽ አውጪና አቃጥይው።

በጉ አይቨርመክቲን በሚባል የትል መድኃኒት ይድናል። ከቆዳ ሥር የሚወጋው የ1 በመቶው ለ50 ኪሎ 1 ሚሊ ሊትር ነው፤ 30 ኪሎ ለሚሆን በግ 0.6 ይበቃዋል። ባለሙያ ይውጋልሽ። ሥጋው ይበላል፤ ነገር ግን ከመርፌው በኋላ ብልቃጡ ላይ የተጻፈው ቀን ሳያልፍ እንዳታርጂው። ትምባሆውን አትድገሚ፣ ወደ ሳንባ ይወርዳል። ሳሉ ካልተወው፣ ካተኮሰው ወይም መብላት ካቆመ ቶሎ አሳዪው። በጉ አንድ ቦታ መዞር ከጀመረ ደግሞ ሌላ በሽታ፣ ከውሻ የሚመጣው አዙሪት ሊሆን ይችላል። የበግ ራስ ለውሻ አትጣሉ የምንለው ለዚህ ነው።

ነርሷ፦
እህቴ፣ በጉን ተዪውና ልጁን ዛሬ ውሰጂው። በአንድ አፍንጫ ብቻ የሚሸት ንፍጥ ሕፃን ላይ ሲታይ መጀመሪያ የምንጠረጥረው ራሱ የከተተውን ነገር ነው፤ ዶቃ፣ ስፖንጅ፣ ጥራጥሬ። የሰዓት ባትሪ ከሆነ በሰዓታት ውስጥ ሥጋውን ያቃጥላል። በክብሪት እንጨትም በጸጉር መርፌም እንዳትነካኪው፣ ወደ ውስጥ ትገፊዋለሽ።

በሰው አፍንጫ የሚያድግ ትል አለ፤ እሱ ግን ቁስል የሚሸታቸው የሌሎች ዝንቦች ነው። አንድ ጊዜ ለረጅም ጊዜ አልጋ ላይ የቆዩ፣ አፍንጫቸው የቆሰለ አዛውንት ከገጠር በቃሬዛ መጡ። ፊታቸው አብጧል፣ ይደማሉ፣ «ውስጤ ይርመሰመሳል» ይሉ ነበር። ቁጭ ብለን አንድ በአንድ ለቀምን። የዚያ ዓይነቱ ሥጋ እየበላ ወደ ዓይንና ወደ አንጎል ስለሚሄድ አንድ ቀን አይታደርበትም። ቤታችሁ የተኛ ሽማግሌ ካለ አጎበር አድርጉለት፣ አፍንጫውን እዩለት።

የአዘዞዋ እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አባባ፣ እርስዎም ዕድሜ ይስጥዎ። ልጄን በዚያው ቀን ወሰድኩት። የወጣው ሽምብራ ነው፤ ከጾሙ ቆሎ፣ አብጦ ሁለት እጥፍ ሆኗል። ለምን ከተትከው ብለው «እንደ በጌ ላነጥስ ብዬ» አለኝ። አቅፌው አለቀስኩ።

በጉም ተወግቷል፤ ማታ ሁለት ትል ጣለ፣ ሳሉም ቀለል ብሎለታል። የብልቃጡ ቀን ፋሲካን ስለሚያልፍ የዘንድሮው በዓል በዶሮ ነው። የቀበርኩትንም ቆፍሬ አገኘሁት። እንደዚያ ይርመሰመስ የነበረው ጠቁሮ፣ ቆዳው እንደ ጉሎ ፍሬ ጠንክሮ ነበር። ምድጃ ውስጥ ጣልኩት።