ከፈረምኩ በኋላ የወጣ የሕንፃ ደንብ ያስገድደኛል?

አንድ የንግድ ሕንፃ ውስጥ የልብስ ስፌት ሱቅ ተከራይቻለሁ። ውሉ የ3 ዓመት ነው፤ ገና 14 ወር ይቀረዋል። አንቀጽ 4 ቤቱን «ለልብስ ስፌትና ጥገና፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት» እንድጠቀምበት ይፈቅዳል። ሰዓቱ እንዲገባ የጠየቅኩት እኔው ነኝ፤ ደንበኞቼ የሚመጡት ከሥራ ሲወጡ ነው።

ባለፈው ወር ጠዋት ሱቁን ስከፍት በበሩ ሥር የገባ ወረቀት አገኘሁ። «የሕንፃው መተዳደሪያ ደንብ» ይላል። ማህተም አለው፣ የማንም ፊርማ ግን የለበትም። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ድምፅ ያለው ማሽን ክልክል። መስታወት ላይ ማስታወቂያ መለጠፍ ክልክል። ለጣሰ የወር ኪራዩ 5 በመቶ ቅጣት። ከላዬ አዲስ ቢሮ ገብቷል፤ ነገሩ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

አስተዳዳሪውን ሳነጋግረው አንቀጽ 17ን አሳየኝ፦ «ተከራይ፣ አከራይ በየጊዜው የሚያወጣቸውን ደንቦች ያከብራል።» እውነት ለመናገር፣ ስፈርም ዓይኔ ያረፈው ኪራዩ ላይ ነበር።

ማስታወቂያውን አነሳሁ፤ እሱ አያጣላንም። ማሽኖቹ ሥር ወፍራም ላስቲክ አነጠፍኩ። በጽሑፍ ካመለከትኩ 3 ሳምንት ሆነኝ፣ መልስ የለም። ጭራሽ የዚህ ወር ሂሳብ ላይ ቅጣቱ ተደምሮ መጣ። ኪራዩን ከፍዬ ቅጣቱን ይዤዋለሁ፤ ግን የ2 ወር ማስያዣዬ እነሱ ጋ ነው፣ ከዚያ እንዳይቆርጡ ሰግቻለሁ።

አንቀጽ 4 በግልጽ የፈቀደልኝን የሥራ ሰዓት፣ በአንቀጽ 17 ስም በኋላ የወጣ ደንብ ሊሽረው ይችላል ወይ?