ያኤል ባርታና አይሁዶችን ወደ ፖላንድ ስትጠራ፦ ለእኛ ምን ይለናል?

ከበርሊን

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን እዚህ ያለን ጥቂት ኢትዮጵያውያን ተሰብስበን የእስራኤላዊቷን አርቲስት የያኤል ባርታናን ሦስት አጫጭር ፊልሞች አየን። ክርክሩ ስላላለቀልን ወደ እናንተ አመጣሁት።

በመጀመሪያው (እ.ኤ.አ. 2007) አንድ ሰው ዋርሶ ውስጥ ሣር በወረሰው ባዶ ስታዲየም ቆሞ ንግግር ያደርጋል። 3.3 ሚሊዮን አይሁዶች ወደ ፖላንድ እንዲመለሱ ይማጸናል። የሚሰሙት ጥቂት ልጆች ብቻ ናቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ፖላንድ ውስጥ የነበሩት አይሁዶች ይህን ያህል ነበሩ፤ 3 ሚሊዮን ያህሉ ተገድለዋል። ተናጋሪው ስላቮሚር ሲዬራኮቭስኪ ተዋናይ አይደለም፤ በአገሩ የታወቀ የግራ ክንፍ ጸሐፊ ነው። ስለዚህ የምሩን ይሁን ትወና ለመለየት ያስቸግራል።

በሁለተኛው (2009) የተጠሩት መጥተው ድሮ የዋርሶ ጌቶ (ናዚዎች አይሁዶችን ያጎሩበት ሰፈር) በነበረበት በሙራኖቭ መንደር ይቆረቁራሉ። አሠራሩ ከ1936 እስከ 1939 አይሁዳውያን ሰፋሪዎች በፍልስጤም ይጠቀሙበት የነበረው ነው፦ የእንጨት አጥር፣ የጥበቃ ማማ፣ የሾህ ሽቦ። ሥራው ሲያልቅ የቆመው መንደር ነው ወይስ የእስረኞች ካምፕ? እኔ እስካሁን መልስ የለኝም፤ ከሦስቱም አብልጬ የወደድኩት ይህንን ነው። በሦስተኛው (2011) ጥሪውን ያደረገው መሪ ተገድሎ ይቀበራል። በዚያው ዓመት ፖላንድ በቬኒስ ቢየናሌ፣ በታወቀው ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ትርኢት፣ በዚህ ሥራ ተወከለች፤ ፖላንዳዊ ያልሆነ አርቲስት ሲወክላት የመጀመሪያው ነበር።

ከመካከላችን አንዱ «እኛንም እንዲህ ብሎ የሚጠራን ቢገኝ!» ብሎ ተመኘ። እኔ ግን ጥሪው ያማረው የሚመጣ ስለሌለ ይመስለኛል። እናንተስ?

ከናታንያ

ልጄ፣ ፊልሙን አላየሁትም፤ ነገሩ ግን ገብቶኛል። እኔ ቤተ እስራኤል ነኝ፣ ወደ እስራኤል የመጣሁት በሱዳን በኩል ነው፤ መንገድ ላይ የቀሩት 4 ሺህ ያህል እንደሆኑ ይነገራል፣ መታሰቢያቸውም ኢየሩሳሌም ሄርጸል ተራራ ላይ ቆሟል። እኛን ማንም ስታዲየም ውስጥ ቆሞ አልጠራንም። ተራራ ወጥተን የጠራነው እኛ ነን።

ጎንደር አጠገብ አምቦበር መንደር ሳለን የጾምና የጸሎት በዓላችን ሥግድ ሲደርስ ቄሶቹ ኦሪቱን ይዘው ይቀድማሉ፣ እኛ ጾመን እንከተላለን። ፊታችንን ወደ ኢየሩሳሌም አዙረን «አድርሰን» እንል ነበር። አሁን ሥግድ ከ2008 ጀምሮ በመንግሥት የታወቀ በዓል ነው፤ ኢየሩሳሌም አርሞን ሃናጺቭ በሚባለው ኮረብታ ላይ ከየከተማው በአውቶቡስ እንሰበሰባለን፣ ጃንጥላው ያው ነው። ልጆቼ «ደርሳችኋል፤ ከእንግዲህ ምን ትለምናላችሁ?» ይሉኛል። ቤተ መቅደሱ ገና አልተሠራም እላቸዋለሁ፣ ይስቃሉ።

አንድ ነገር ግን ይቆጨኛል። የአጎቴ ልጆች ዛሬም ጎንደር ተቀምጠው ተራ ይጠብቃሉ። ቤታቸውን ከሸጡ ቆይቷል፤ አዲስ እንዳይሠሩ ደግሞ «ነገ እንሄዳለን» እያሉ ነው። እነሱ ናቸው ለመምጣት የተዘጋጁት። ሲፈለግማ በ1991 በአንድ ቀን ተኩል ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተነሥቷል! ያ ሰውዬ ባዶ ሜዳ ላይ ከሚጮኽ ጎንደር ይሂድ፣ አቤት የሚለው ሞልቷል።

ከሜሪላንድ

እናቴ የተናገሩት ልክ ነው፤ እኔም ወረቀቱን ልጨምርበት። አይሁዶች ወደ እስራኤል ገብተው ዜጋ እንዲሆኑ የሚፈቅደው የመመለስ ሕግ የወጣው በ1950 ነው። ቤተ እስራኤል በሕጉ የተካተቱት ግን ዋና ራቢ የነበሩት ኦቫድያ ዮሴፍ በ1973 አይሁድነታቸውን ካረጋገጡ በኋላ፣ በ1975 ነው። በመካከል 25 ዓመት አለፈ። ጸሎቱ ከዚያ በፊትም ነበረ፤ የጎደለው ፊርማ ነው።

በሌላ በኩል ብዙ እስራኤላውያን አያቶቻቸው የፖላንድ ዜጎች ስለነበሩ የፖላንድ ፓስፖርት ያወጣሉ። ባርታና በፊልም የጠራቻቸው በዚህ መንገድ መጥተዋል ማለት ይቻላል፤ አብዛኞቹ ግን ዋርሶ ለመኖር ሳይሆን በአውሮፓ እንደልብ ለመንቀሳቀስ ነው። አልፈርድባቸውም። እኛም ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ) የምናወጣው ሁላችንም አገር ቤት ለመኖር አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ያለ ቪዛ እንገባለን፣ ያለ ሥራ ፈቃድ እንሠራለን፣ ቤት እንገዛለን፤ መምረጥ ግን አንችልም። ከጥሪው በፊት እስቲ የድምፁን ነገር እንነጋገር።

ከበርሊን

እናቴ፣ ስለ ጎንደር የጻፉትን ለቡድናችን አነበብኩላቸው። የተመኘው ወዳጄ ዝም አለ፤ ለእሱ ደግሞ ዝምታ ብርቅ ነው። የሜሪላንዱ ወንድሜ የድምፁን ነገር ለብቻው ቢከፍተው እዚያ እንገናኛለን።

ከሃይፋ

አዳራሽ ይዛችሁ ሥዕል የምታሳዩ ከሆነ የኒሪት ታከለን ሥራዎች ፈልጉ። ኢትዮጵያ ተወልዳ በ1991 የመጣች ሠዓሊ ናት። ሰዎቿ ትልልቅና ወፋፍራም ናቸው፣ እርስ በርስ ይያያዛሉ። ከፊልሞቹ ጎን ቢታዩ ክርክራችሁ ሌላ መልክ ይይዛል። ለእናቶችም ወንበር ብዙ አዘጋጁ፤ ሦስቱ ፊልሞች ተደምረው ከአንድ ሰዓት በላይ ይሄዳሉ።